አርቲኤክስ 3060 ወይስ 4060? ለጎንደሩ ስቱዲዮ የተሰጠ መልስ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ እንደምን አሉ? ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ሠርግና ጥምቀት በ4ኬ እቀርጻለሁ። ኤዲት የማደርገው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ነው። በትርፍ ሰዓቴ ብሌንደር እየተማርኩ የፋሲል ግቢን ቤተ መንግሥት በ3ዲ እየሠራሁ ነው። ማታ ማታ ጌምም እጫወታለሁ፣ አልዋሽም። ኮምፒውተሬ ኮር አይ5 10400፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዴ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ። አሁን ሁለት ካርድ አግኝቻለሁ። አንዱ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ ሌላው አዲስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። 4060 በኮር ያንሳል፣ በሜሞሪ ያንሳል፣ በባስ ያንሳል። ሰው ሁሉ ግን ይፈጥናል ይላል። ነገሩ እንዴት ነው? የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ላንተ ሥራና ላንተ ኮምፒውተር ባለ 12 ጊጋው 3060 ይሻላል። ጌም ብቻ የሚጫወት ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ «4060 ውሰድ» ብዬ በሁለት መስመር እጨርስ ነበር። ያንተ ግን ሠርግ አለበት፣ ጥምቀት አለበት፣ የፋሲል ግቢ ድንጋይ አለበት። ሦስቱም መጀመሪያ የሚጠይቁህ ቦታ ነው። ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ግራ ያጋባህን ነገር በቅድሚያ እንፍታው። 3060 በፈረንጆቹ የካቲት 2021 ወጣ፤ 3584 ኮር (ስሌት የሚሠራ ትንሽ ክፍል) አለው። 4060 በሰኔ 2023 ወጣ፤ ኮሩ 3072 ነው። አዲሱ ካርድ 512 ኮር ጎድሎታል ማለት ነው። ታዲያ ኮር ብቻውን ምንም አይነግርህም። በስንት ሜጋኸርዝ ይሠራል የሚለው አብሮ መታየት አለበት። 3060 በዝርዝሩ ላይ እስከ 1777 ሜጋኸርዝ ይላል፤ 4060 እስከ 2460። በል ካልኩሌተርህን አውጣ። ኮሩን በፍጥነቱ አባዛው፣ የመጣውን በ2 አባዛው። በ2 የምናባዛው አንድ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ለ3060 የሚመጣው 12.7 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ ትሪሊዮን ስሌት) ነው፣ ለ4060 15.1። በኮር ያነሰው ካርድ በስሌት በለጠ። ይሄ የሆነው ቺፑ የተሠራበት መንገድ ስለተለወጠ ነው። 3060 በሳምሰንግ 8 ናኖሜትር ነው የተመረተው። 4060 በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፣ 4ኤን በሚባለው ረቀቅ ያለ አሠራር። የረቀቀው ቺፕ ያነሰ ዋት እየበላ በበለጠ ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ለዚህ ነው 4060 በ115 ዋት የሚሠራው፣ 3060 ግን 170 ዋት የሚፈልገው።

ባሱም እንደዚሁ ነው። ባስ ማለት በቺፑና በካርዱ ሜሞሪ መካከል ያለው መተላለፊያ ነው። የ3060 ስፋት 192 ቢት፣ የ4060 ደግሞ 128 ቢት ነው። ቢቱን ለ8 አካፍለህ በሜሞሪው ፍጥነት ስታባዛው በሰከንድ የሚያልፈውን ታገኛለህ። 192 ለ8 ሲካፈል 24፣ በ15 ሲባዛ 360 ጊጋባይት። 128 ለ8 ሲካፈል 16፣ በ17 ሲባዛ 272 ጊጋባይት። እዚህ ላይ 3060 በግልጽ ይበልጣል፣ ምንም ማድበስበስ የለበትም።

የካርዶቹ ባለቤት ኤንቪዲያ ይህን ጉድለት የሸፈነው በካሽ ነው፤ ካሽ ማለት ቺፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ ናት። በ3060 ቺፕ ውስጥ ያለው ኤልቱ ካሽ 3 ሜጋባይት ነበር። በ4060 24 ሜጋባይት አደረሱት። ባለሱቅ መደርደሪያው ሰፊ ከሆነ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወደ መጋዘን አይሮጥም፣ ነገሩ እሱ ነው። ቺፑ የሚፈልገውን እዚያው አጠገቡ ካገኘው የባሱ ጥበት ብዙ አያስቸግረውም። ኩባንያው ይህን ቆጥሮ «272 ብንልም ውጤቱ 453 ነው» የሚል ቁጥር ለጥፎበታል። እሱን የማስታወቂያ ቁጥር በለው። ካሽ የሚጠቅመው አንድ ዳታ ደጋግሞ ሲፈለግና ከካሹ መጠን ጋር ሲመጣጠን ነው። ምስሉ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ከ1080 ወደ 4ኬ ሲወጣ፣ ካሹ ይሸነፋል። የጌም ገምጋሚዎች በ1080 ሲለኩት 4060 ከ3060 በአማካይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይፈጥናል። ወደ 4ኬ ስትወጣ ልዩነቱ ይጠባል። ያንተ ሥራ ደግሞ 4ኬ ነው።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግርህ ነገር ልምጣ። 4060 የማዘርቦርዱን ስሎት ሙሉ በሙሉ አይጠቀምም። ካርዱ ሲታይ እንደማንኛውም ካርድ ረጅም ማገናኛ አለው፣ ግን የሚሠሩት መስመሮች 8 ብቻ ናቸው። 3060 ግን 16ቱንም ይጠቀማል። ኩባንያው «ፒሲአይ 4.0 (የስሎቱ የፍጥነት ደረጃ) ስለሆነ 8 መስመር ይበቃዋል» ይላል፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ነገሩ እውነት ነው። ያንተ ኮር አይ5 10400 ግን የሚያውቀው የቀድሞውን ደረጃ፣ ፒሲአይ 3.0ን ብቻ ነው። ማዘርቦርድህ 4.0 የሚል ቢጻፍበት እንኳ በ10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አይከፈትም። ስለዚህ ባንተ ቤት 4060 በ8 መስመር፣ በ3.0 ፍጥነት ይሠራል፤ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። 3060 በዚያው ስሎት 16 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል።

ይህ ሁልጊዜ ይጎዳል ወይ? አይጎዳም። ሥራው በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ እስከገባ ድረስ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጎዳው ሜሞሪው ሲሞላ ነው። 8 ጊጋው ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ኮምፒውተሩ ራም ያሻግረዋል። ያኔ ዳታው የሚመላለሰው በዚያች ጠባብ መስመር ነው። በካርዱ ላይ በሰከንድ 272 ጊጋ ይሄድ የነበረው አሁን በ8 ይሄዳል። ኤዲት እያደረግክ ስክሪኑ እርግት ብሎ የሚቀረው ያኔ ነው። እንግዲህ 4060 ባንተ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ገጠመው፦ ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ መውጫው ጠባብ ነው።

ይሞላል ወይ የሚለውን በራስህ ሥራ እንየው። ጥር 10 ማታ፣ ከተራ፣ ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር ገብተው ሕዝቡ ሻማ ይዞ ሲያድር የቀረጽከውን አስብ። ብርሃን የለም፤ የካሜራህን አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርገሃል። ምስሉ ላይ እንደ ጤፍ የተረጨ ነጠብጣብ ይሞላበታል። ሪዞልቭ ውስጥ ገብተህ ኖይዝ ሪዳክሽን ትከፍታለህ። አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ነው፣ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ። ሪዞልቭ የነጥቡን እያንዳንዱን ቻናል (የቀለም ክፍል) በ32 ቢት ነው የሚያሰላው፣ አራት ቻናል ስላለው በነጥብ 16 ባይት ይይዛል። አንዷ ፍሬም 133 ሚሊዮን ባይት ሆነች ማለት ነው። ነጠብጣቡን የሚያጠፋው መሣሪያ ደግሞ አንዷን ፍሬም ለማጽዳት ከፊቷና ከኋላዋ ያሉትንም አብሮ ይይዛል። እላዩ ላይ የቀለም ኖድ (የማስተካከያ ደረጃ)፣ ብዥታ፣ የቆዳ ማስተካከያ ስትደራርብ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ቅጂ ይፈልጋል። «የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል» (ጂፒዩ የካርዱ ቺፕ ነው) የሚለው መልእክት በ1650ህ ላይ ሰላምታ እስኪመስልህ ድረስ እንደለመድከው እገምታለሁ። በ8 ጊጋ መልእክቱ ይቀንሳል። በ12 ጊጋ እንዳንተ ባለው ሥራ ብዙም አታየውም።

ሠርጉ ቀለል ይላል። ቀን የተቀረጸ፣ ብርሃን ያለው፣ ቀለም አስተካክለህ የምታስረክበው ከሆነ ሁለቱም ካርዶች ያለ ችግር ይሠሩታል። ፋይል አውጥተህ በፍላሽ ለሙሽሮቹ ስትሰጥ የፍጥነት ልዩነታቸው ቡና አያስፈላም። 4060 እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው። ቪዲዮን ኤቪ1 በሚባለው አዲስ ኮዴክ (የቪዲዮ ማጨቂያ ዘዴ) ማውጣት ይችላል፤ 3060 ኤቪ1 ያጫውታል እንጂ አያወጣም። ኤቪ1 በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉን ያሳንሰዋል። ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ስለሆነ ዩቲዩብ ላይ ለሚጭን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለደንበኛ በፍላሽ ለመስጠት ግን አትመነው፣ የሙሽራው እናት ቤት ያለው ቴሌቪዥን ላያነበው ይችላል።

እግረ መንገዴን ካሜራህን ልጠይቅህ። ሶኒ ኤ7 3 ከሆነ ሐሳብ አይግባህ፣ የሚቀርጸው 8 ቢት 4፡2፡0 (ቀለሙን ቀነስ አድርጎ የሚይዝ ዓይነት) ስለሆነ ሁለቱም ካርዶች በሃርድዌር ያነቡታል። ሶኒ ኤ7 4 ወይም ካኖን አር6 ሆኖ በ10 ቢት 4፡2፡2፣ ቀለሙን በበለጠ ዝርዝር በሚይዘው፣ የምትቀርጽ ከሆነ ግን ጉድ አለ። ያን ዓይነት ፋይል 3060ም 4060ም በሃርድዌር አይፈቱትም። ከኤንቪዲያ ካርዶች ይህን የጀመረው የ50 ተከታታይ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛ ትውልድ ጀምሮ በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ኤች265 በሚባለው ኮዴክ የተቀረጸውን ይፈቱታል፣ ያንተ 10ኛ ግን አይፈታውም። ማዘርቦርድህ ቢ560 ወይም ኤች510 ከሆነ ያገለገለ ኮር አይ5 11400 ብታገኝ፣ መጨረሻው ላይ ኤፍ የሌለበትን፣ ከማንኛውም ካርድ በላይ ኤዲትህን ያቀልልሃል። አለበለዚያ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ፣ ሥራ። ማታ ፕሮክሲው እየተሠራ አንተ ተኛ። ብዙ ሰው ካርድ ቀይሮ «ያው ነው፣ ምንም አልተሻሻለም» የሚለው ጥፋቱ እዚህ ስለሆነ ነው።

ወደ ብሌንደር እንለፍ። እዚህ ላይ ለ4060 መመስከር አለብኝ። ትዕይንቱ ሜሞሪው ውስጥ ከገባ 4060 ሬንደር በማድረግ (የመጨረሻውን ምስል አስልቶ በማውጣት) 3060ን በግልጽ ይቀድመዋል። ጥያቄው ይገባል ወይ ነው። አንተ የምትሠራው የፋሲልን ቤተ መንግሥት ነው፤ ከግንቡ ድንጋዩ በላይ የሚታይ ነገር የለም። ፎቶ አንስተህ ግድግዳው ላይ የምትለጥፈው ቴክስቸር 8ኬ ነው እንበል። 8192 በ8192፣ በነጥብ 4 ባይት። አንዱ ምስል ብቻውን 256 ሜጋባይት ይይዛል። የድንጋዩን ጎርባጣነትና ልስላሴ የሚያሳዩ ሁለት ምስሎች ስትጨምርበት ለአንድ ግድግዳ እስከ 768 ሜጋባይት ትደርሳለህ። አራት ፊት አለ፣ ማዕዘን ላይ ያሉት ክብ ማማዎች አሉ፣ የውስጡ ክፍሎች አሉ። ዊንዶውስና ስክሪኑ ራሳቸው ከሜሞሪው ቆንጥረው ይወስዳሉ። 8 ጊጋ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ግድግዳ በኋላ ያበቃል። አዎ፣ ቴክስቸሩን ወደ 4ኬ ብታወርደው በአራት እጥፍ ይቀንሳል፤ ከሩቅ በሚታይ ግድግዳ ላይ እንደዚያ ማድረግ ይገባል። በቅርብ የሚታየውን ግን ስታወርደው የድንጋዩ መልክ ይጠፋል፣ ሥራህም የካርቱን ቤት ይመስላል።

ጌሙን ባጭሩ። 4060 ያሸንፋል። ዲኤልኤስኤስ 3 በሚባለው የኤንቪዲያ የጌም ማፍጠኛ ላይ ያለው ፍሬም ጀነሬሽን፣ ማለትም በሁለት እውነተኛ ፍሬም መካከል አንድ ሠርቶ የሚያስገባው፣ በ3060 ላይ የለም። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ ያ ሁሉ ተጨማሪ ፍሬም የት ይታያል? አይታይም። ሌላው፣ ፍሬም ጀነሬሽን ራሱ ሜሞሪ ይበላል። ከ2023 ወዲህ የወጡ አንዳንድ ከባድ ጌሞች ቴክስቸራቸውን ከፍ ስታደርገው ከ8 ጊጋ ያልፋሉ። ጥራት ብዙም ሳይጎዳ ፍጥነት የሚጨምረው ዋናው ዲኤልኤስኤስ ግን 3060 ላይም አለ፣ በ2025 የወጣው የተሻሻለው ሞዴልም ደርሶታል። ኳስ ለምትጫወትበት ሁለቱም ተርፎ ይበቃል።

መብራቱ ላይ ግን ቆም ልበል፣ እኛ ጎንደር ነው ያለነው። በ170 እና በ115 መካከል ያለው ልዩነት 55 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት ሙሉ ብታሠራው በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ለቆጣሪው ብዙ አይደለም። የሚሰማህ ዩፒኤስ ላይ ነው። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው 360 ወይም 390 ዋት ገደማ ነው። ካርዱ 170፣ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ወደ 100፣ ዲስክና ማዘርቦርድ 50፣ ስክሪኑ 30። ጣራው ላይ ደረስክ። መብራት ጠፋ ስትል ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት የምታገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዩፒኤሱ ካረጀ ያም የለም። ሬንደር ላይ እያለህ ጭነቱ ካለፈበት ደግሞ ጩኸት አሰምቶ ጭልም ይላል። በዚህ 4060 በእውነት ይበልጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና የ3060ን የኃይል ገደብ ወደ 75 በመቶ አውርደው። ካርዱ ወደ 128 ዋት ይወርዳል። ከፍጥነቱ የሚቀነሰው ከዋቱ በጣም ያነሰ ነው፣ ሙቀቱና የፋኑ ጩኸትም ይቀንሳል። ሌሊት ረጅም ሬንደር ስታደርግ እንደዚያው ተወው።

ሙቀት ካነሳን አይቀር፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ሳስቷል፣ ስለዚህ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በውጭ አገር ግምገማ ላይ «68 ዲግሪ» ተብሎ ያነበብከው ካርድ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር አትደንግጥ። ማታ ከተማው ስለሚበርድ ያካክሰዋል። የበጋው አቧራ ግን አይምርም። የኬዙን ጎን ከፍተህ፣ ፋኑን በጣትህ ይዘህ እንዳይሽከረከር እያደረግክ፣ በብሩሽ ወይም በንፋስ አጽዳው። ፋኑ በንፋስ ኃይል እንዲሽከረከር አትተወው፣ ይበላሻል።

ፓወር ሰፕላይህ ያሳስበኛል። ለሁለቱም ካርዶች አምራቹ የሚመክረው 550 ዋት ነው። ጥሩ 500 ዋት ቢሆን አልከራከርህም ነበር። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ኬዙን ክፈትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። 12 ቮልት በሚለው ስር ስንት አምፒር ተጽፏል? 38 ካለ፣ 38 ሲባዛ በ12፣ 456 ዋት ነው፤ እውነተኛ ነው። 20 ካለ ግን 240 ዋት ብቻ ነው። ቀሪው 260 ዋት ካርድህ በማይጠቀምባቸው መስመሮች ላይ ተደምሮ ፊት ለፊት «500» ለማስባል የተጻፈ ነው። ካርዱ የሚበላው ከ12 ቮልቱ ነው። ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ ከሌለው ደግሞ በሞሌክስ (በድሮው የዲስክ ገመድ) ማቀያየሪያ ልስጠው ብለህ እንዳታስብ። ያ ገመድ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ የ3060ን ዋጋ ስታሰላ የጥሩ ፓወር ሰፕላይ ዋጋ ጨምርበትና ከ4060 ጋር አወዳድረው። ሲደመር ልዩነቱ ከአቅምህ በላይ ከሆነ 4060ን ብትገዛ አልወቅስህም፤ ቴክስቸሩን እያወረድክ፣ ፕሮክሲ እየሠራህ ትኖርበታለህ። 4060ም ቢሆን ግን 20 አምፒር በሚለው ፓወር ሰፕላይ ላይ አይሰካም።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። 3060 ሲወጣ 329 ዶላር ነበር፣ 4060 299። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዛሬ የነገርኩህ ዋጋ ለሳምንት አይቆይም።

ያገለገለውን ስትገዛ የምትጠነቀቀውን ልንገርህ። 3060 የኤቴሪየም ማይኒንግ፣ ማለትም ኤቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ የማምረት ሥራ፣ በደራበት ጊዜ የነበረ ካርድ ነው። ያ ሥራ በመስከረም 2022 ቆመ። 4060 የወጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ይህ ጥርጣሬ አይነካውም። ማይኒንግ ላይ የዋለ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው አልልህም። ፋኑ ግን ቀን ከሌት ስለዞረ ሊያረጅ ይችላል፣ የሙቀት ቅባቱም ይደርቃል። ፋኑን በእጅህ አንቀሳቅሰው። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ሲዞር የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው።

ከዚያ የበለጠ የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ካርድም አለ። ኤንቪዲያ ራሱ በ2022 መጨረሻ ያወጣው ነው። ባሱ 128 ቢት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 240 ጊጋባይት። ከ4060ም ያነሰ፣ ከምልህ 3060 ጋር ስሙና የኮሩ ቁጥር አንድ ቢሆንም በሜሞሪው የማይገናኝ። የላፕቶፕ ቺፕ ነቅለው ዴስክቶፕ ካርድ ላይ የሚገጥሙም አሉ፣ ኮሩ 3840 ስለሚል ይበልጥ ጥሩ ይመስላል። የድሮ ካርድ ባዮስ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበት የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው በ3060 ስም የሚሸጡም አሉ። ካርቶኑን አትመን፣ ተለጣፊውንም አትመን። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ሲከፈት አራት ነገር እይ፦ ሼደር (የኮሩ ቁጥር) 3584፣ ሜሞሪ 12288 ሜጋባይት፣ ባስ 192 ቢት፣ ስሎቱ ደግሞ 16 መስመር። አንዱ ካልገጠመ ካርዱን መልስ። ስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ካስቀደመ ደግሞ ሻጩን ሳትከራከር ውጣ።

ሱቁ ውስጥ ጌም አስከፍቶ «ይኸው ይሠራል» ቢልህ አትርካ። የራስህን ፕሮጀክት ይዘህ ሂድ። ያንን የከተራ ቪዲዮ ከነኖይዝ ሪዳክሽኑ ክፈተው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሂድ። መስመር፣ ነጠብጣብ፣ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ መመለስ ካየህ ሜሞሪው ታሟል። ካርዱን ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ ለብቻው ታሽጎ ይምጣ። ኬዝ ውስጥ ተሰክቶ በአውቶቡስ የሚመጣ ካርድ በክብደቱ ስሎቱን ሊሰብረው ይችላል።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እኔንም አትመነኝ፣ ራስህ ለካ። በጣም የከበደህን ፕሮጀክት አሁን ባለው 1650 ላይ ክፈት። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ጂፒዩ የሚለውን ተጫን። ታች ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው፣ እሱ 4 ላይ ተገትሮ ታገኘዋለህ። ሌላው ከራም የተበደረው ነው። ሁለቱን ደምር። ፕሮግራሞች ቦታ ሲጠብ ራሳቸውን ስለሚያሳንሱ እውነተኛው ፍላጎት ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። ድምሩ ከ6 ጊጋ በታች ከሆነ ያልኩህን ሁሉ ተወውና 4060 ግዛ፤ ይፈጥናል፣ አዲስ ነው፣ ዋስትና ይኖረዋል፣ መብራትም አይበላም። ከ7 ካለፈ 3060 ነው። በመካከል ከሆነ የፋሲል ግቢውን ሥራ ምን ያህል ልትገፋበት እንዳሰብክ አንተ ታውቃለህ።

3060ን ከመረጥክ ፓወር ሰፕላዩን ከካርዱ በፊት ግዛ። ገንዘብ ከተረፈህ ደግሞ ራምህን ወደ 32 አሳድገው፤ ሪዞልቭና ብሌንደር አንድ ላይ ሲከፈቱ 16ቱ አይበቃም።